ከቧንቧው አጠገብ የተለጠፈው ጋዜጣ

(ባሕር ዳር ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የቀረበ)

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «ተጓዳኝ ትምህርት» የሚል ነው። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር በዓይነ ልቦናዬ የሚመጣው ከእናቱ ጎን ጎን እየሮጠ ገበያ የሚሄድ የአህያ ውርንጭላ ነው። ጭነት አይሸከምም፣ መንገዱን አያውቅም፣ ቢቀርም ገበያው አይጎድልም። ክበቦቻችንን የያዝናቸው እንደዚያ ነው። በመስከረም እናቋቁማቸዋለን፣ የአባላቱን ስም ዝርዝር በፋይል እናስቀምጣለን፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እናሳያለን፣ በሰኔ ሪፖርት ጽፈን እንሸኛቸዋለን። የቀይ መስቀል ክበብ አለን፣ የአካባቢ ጥበቃ አለን፣ የሥነ ዜጋ አለን፣ የሒሳብ አለን። ይህ ሁሉ ክበብ ኖሮን አንድም ሥራ ያልሠራንበት ዓመት አስታውሳለሁ። ሌላውን እየወቀስኩ አይደለም፤ የአንዱ ክበብ ኃላፊ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትቼ ስለ አንዱ ብቻ ልናገር፤ ስለ ሚኒ ሚዲያ።

ትምህርት ቤታችን ያለው በጉማራና በርብ ወንዞች መካከል በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ላይ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ ጣና ከሩቅ ያብረቀርቃል። ስሙን አልጠራም። የምነግራችሁ ታሪክ ውስጥ የሚያስመሰግነንም የሚያሳፍረንም አለ፤ ሁለቱም በአንድ ስም ላይ ባይለጠፉ ይሻላል። እኔ እዚያ አማርኛ አስተምራለሁ። ሚኒ ሚዲያውን የተረከብኩት ችሎታ ኖሮኝ ሳይሆን «የአማርኛ መምህር ነህ፤ ያንተ ነው» ተብዬ ነው።

ተማሪዎቻችንን የገጠር ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሁሉ ያውቃቸዋል። ብዙዎቹ የሚመጡት የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ እየተጓዙ ነው። የባሰ የሚርቃቸው ከትንሿ ከተማ ቤት ይከራያሉ፤ በአንዲት ክፍል ሦስት አራት ሆነው ያድራሉ። እሑድ ማታ ድርቆሹን፣ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ሽሮውን ተሸክመው ይገባሉ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባዶውን አኩፋዳ ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በዚህ አገር ቆሎ ተማሪ ማለት አዲስ ነገር አይደለም። የጥንቱ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ እየለመነ ቅኔ ይቆጥር ነበር። የዛሬው ግን አይለምንም፤ ይልቁንም በየወሩ ኪራይ ይጠየቃል።

እንግዲህ እነዚህ ልጆች ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላና በእረፍት ሰዓት የሚሰሙት ሚኒ ሚዲያ ምን ይላቸው ነበር? መጀመሪያ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ የድምፅ ሙከራ» ይላል። ሙከራው ብቻ የእረፍቱን ግማሽ ይበላል። ከዚያ «የተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ» ይላል። ከዚያ የርዕሰ መምህሩ መልእክት ይነበባል፤ ፀጉር ስለማስተካከል፣ ዩኒፎርም ስለማሟላት፣ አርፍዶ ስለመምጣት። ከዚያ ግጥም፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ ደወል። ድምፅ ማጉያው ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ስለተሰቀለ ከማዶ በሬ የሚጠብቀው ልጅ ሳይቀር ፀጉር እንዲስተካከል ይመከራል።

አንድ ቀን የዓመቱን ጽሑፎች የያዘውን ደብተር ተቀምጬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ተማሪዎቻችን ከዚያ ቀን በፊት የማያውቁትን አንድ ነገር የነገርንበት ገጽ ፈልጌ አጣሁ። ዓለም አቀፍ ቀኖች ተዘግበዋል፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ውጤት ተነቧል። በዚያው ሳምንት ንፋስ የአንድ የዘጠነኛ ክፍል ጣሪያ ገንጥሎ ማሳ ውስጥ ጥሎት ነበር፤ ደብተሩ ላይ ግን የለም። ዜና አንባቢውን ጠርቼ ለምን እንዳልጻፈው ጠየቅሁት። «መምህር፣ ሁሉም ያየው ነገር ዜና ይሆናል እንዴ?» አለኝ።

ጥያቄው ለካ ቀላል አልነበረም። አንድ ሌሊት አሳደረኝ። በማግስቱ መልሼ ጠየቅሁት፦ የዚያ ክፍል ልጆች ከነገ ጀምሮ የት ነው የሚማሩት? ቆርቆሮውን የሚገዛው ማን ነው? መቼ ይመታል? አንዱንም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ጣሪያው ሲበርር ሁሉም አይቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ያየ የለም። ልጁ እስክሪብቶውን ይዞ ወደ ቢሮ ሄደ። የትምህርት ቤታችን የመጀመሪያው ዜና የተጻፈው ያን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

ዜናውን ግን ማንም አልሰማውም። ማጉያው በዚያው ሰሞን ተቃጠለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ፕላዝማ ወደየትምህርት ቤቱ ሲመጣ የነበረውን ደስታ የዕድሜ እኩዮቼ ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት ከሰማይ ይወርዳል፤ መምህሩ ከጎን ቆሞ ያግዛል። እኛ ዘንድ መብራት ሲጠፋ ከሰማይ የሚወርደውም ይጠፋ ነበር። ቆይቶ ቴሌቪዥኖቹ አንድ በአንድ ተበላሹ፤ የብረት ሳጥኖቻቸው ግን በየግድግዳው ላይ ተሰቅለው ቀሩ። ማጉያው ሲቃጠል አስጠግኑልን ብለን ብንጠብቅ የሳጥኖቹ ዕጣ እንደሚደርሰን ገባን። ስለዚህ የአንዱን ሳጥን በር ነቅለን አወረድነው፤ ትልቅ ወረቀት በማርከር ጽፈን በላዩ ለጠፍንበት። የግድግዳ ጋዜጣችን ሰሌዳ ይህ ነው። ፕላዝማው በመጨረሻ አስተማረ።

ልጆቹ በእጅ የሚጻፍ ጋዜጣ አሳፍሯቸው ነበር። የከተማ ትምህርት ቤት ልጆች ያትማሉ ይላሉ። «አእምሮ»ን ነገርኳቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጣው፣ የአማርኛ ጋዜጦች ሁሉ ታላቅ የሆነው «አእምሮ» ሲጀመር በእጅ ነበር የሚገለበጠው፤ ቅጂውም 24 ብቻ ነበር። የንጉሠ ነገሥት ጋዜጣ በእጅ ከተጻፈ የእናንተ ቢጻፍ ምን ይጎድለዋል አልኳቸው። ደግሞም የምንኖረው በጣና ዳር ነው። እነዳጋ እስጢፋኖስ ከሐይቁ መሀል የነገሥታትን አፅምና የብራና መጻሕፍትን ጠብቀው ያቆዩ ደሴቶች ናቸው። «ዜና» የሚለው ቃል ራሱ ከ«ዜና መዋዕል» ጋር ነው የኖረው። ጽፎ ማኖር ለዚህ አገር ሰው የተውሶ ልማድ አይደለም። ይህን ስል ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ «የነሱ ብራና ነው፤ የኛ ወረቀት ዝናብ ይበላዋል» አለች። እውነቷን ነው። በሩን ከጣሪያ ክፈፍ ሥር እንድናደርገው ያስገደደችን እሷ ናት።

የት እንለጥፈው የሚለው ምን እንጻፍ ከሚለው የበለጠ አከራከረን። የማስታወቂያ ሰሌዳው ያለው ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ነው። እዚያ የሚቆም ተማሪ ወይ ተከሷል ወይ ከስሷል፤ ሊያነብ የሚሄድ የለም። ተማሪ ፈቅዶ የሚቆመው ቧንቧው ጋ ነው። ውኃው ቀጭን ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ጀሪካን ይዞ የቆመ ሰው ደግሞ ፊቱ ላይ ያለውን ሁሉ ያነባል። ከቧንቧው አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙ፤ የቀረውን ብትረሱት አልቀየማችሁም።

ስፖርቱ እንዴት እንደሆነ ብዙ አልናገርም፤ ስፖርት የትም ይነበባል። የክፍል ለክፍል ቮሊቦል ሲጀመር መረብ ስላልነበረን አሣ አጥማጅ አባት ያለው ልጅ ያረጀ የአሣ መረብ ይዞ መጣ። ዘጋቢው «ዛሬ ኳስ ተጠመደ» ብሎ ርዕስ ሰጠው። ይኸው ዘጋቢ የራሱ ክፍል ሲሸነፍ ዳኛውን ይወቅስ፣ ሲያሸንፍ ክፍሉን ያመሰግን ስለነበር በሌላ ሰው ተካነው። ይህንንም በጋዜጣው ላይ ጽፈነዋል።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ።

ጉማራ በክረምት ማብቂያ ላይ ሲሞላ ሜዳው ውኃ ይሆናል። ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ የምዝገባ ጊዜ ነው። አንድ ዓመት ከክበባችን ልጆች አንዱ፣ ታታሪ የሚባለው፣ እየሮጠ መጣና «በጎርፉ ምክንያት ምዝገባው ተራዝሟል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ መራዘም ነበረበትና። እንዲጽፍ ፈቀድኩለት። በትልቅ ቀይ ፊደል ጻፈው። ከቧንቧው ያነበቡት ለሰፈራቸው ነገሩ፣ ሰፈራቸው ለማዶው ነገረ።

አልተራዘመም ነበር።

በኋላ ወደ ኋላ እየተከተልን ስንጠይቅ ልጁ የሰማው ከአጎቱ ነው። አጎቱ የሰማው ገበያ ላይ ካገኘው ሰው ነው። ያ ሰው የሰማው «ይራዘም ይሆናል» ሲባል ነው። «ይሆናል» የምትለዋ ቃል ከገበያው እስከ ቧንቧው ስትመጣ የሆነ ቦታ ላይ ወድቃ ቀርታለች። የሰሚ ሰሚ ማለት ይህ ነው። የጥንቱ አዋጅ ነጋሪም «አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ፣ የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» እያለ ሰው ለሰው እንዲያቀብል ያዝዝ ነበር፤ ነገር ግን ነጋሪቱ ሲጎሰም ቃሉ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። የእኛ ቀይ ፊደል ባለቤት አልነበረውም።

ዘግይተው የመጡት ልጆች አንድ ሁለት ቀን ተንከራትተው፣ ወላጆቻቸው ለምነው ተመዘገቡ። አንዲት ልጅ ግን ቀረች። ከማዶ መንደር ናት፤ አባቷ «ጊዜው አልፏል ተብሏል፤ እግዜር ካለ ለከርሞ» ብለው አስቀሯት። አሥረኛ ክፍል ልትገባ ነበር። ሰው ልከን ነበር፤ እኔም ራሴ በእግሬ ሄጄ ነበር። አባቷ ቡና አስፈልተው፣ በአክብሮት አስተናግደው «መምህር፣ አንዴ ተራዘመ አላችሁ፣ አንዴ አልተራዘመም አላችሁ። እኔ የትኛውን ልመን?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። መልስ ያለው ሰው ካለ ዛሬም ልሰማው ዝግጁ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ነገር ተቀየረ። ማረሚያው ስህተቱ በተለጠፈበት ቦታ ላይ፣ ስህተቱ በተጻፈበት መጠን፣ በቀይ ተጻፈ፤ ሥሩ ላይ የልጁም የእኔም ስም አለ። ርዕሰ መምህሩ «ስምህን አውጣው፤ ተማሪ ፊት አትዋረድ» ብለውኝ ነበር፤ ለደግ ነው፤ ግን አላወጣሁትም። ሁለተኛው፣ ማንም ልጅ ዜና ይዞ ሲመጣ ክበቡ በአንድ ድምፅ «ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን?» ይለዋል። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር። አሁን በመኝታ ቤታቸውም፣ በመንገድም ይባባሉታል። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲከፈት፣ ተከፍቶ ሲዘጋ፣ መንገድ አለ የለም ሲባል፣ ይህች ጥያቄ ምን ያህል እንደምትጠቅም እዚህ ላላችሁት መንገር አያስፈልገኝም።

ብዙ ሰው «ዛሬ ሁሉም ስልክ ይዟል፤ ቴሌግራም እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይለኛል። በመጀመሪያ ሁሉም አልያዘም። የያዘውም ቻርጅ ለማድረግ መብራት ይጠብቃል። ዋናው ግን ይህ አይደለም። በስልክ የመጣ ወሬ ደራሲው አይታወቅም። የእኛን ጋዜጣ የጻፈው ልጅ አሥረኛ «ለ» ውስጥ ተቀምጧል፤ የተሳሳተ እንደሆነ በእረፍት ሰዓት ሄደህ ትጣላዋለህ። ጋዜጠኛን ከቧንቧ ሰልፍ ላይ አግኝቶ መጣላት የሚቻልበት አገር ብዙ አይመስለኝም።

የሩዙ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ፎገራ ድሮ የሚታወቀው በላሙ ነበር፤ ሜዳው ግጦሽ ነበር። በደርግ ዘመን ሩዝ ገባ፣ ተስፋፋ፤ ዛሬ የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለውም እዚያው ነው። ሩዝ ገበሬውን ጠቅሞታል፤ የቆርቆሮ ቤት ሲበዛ በዓይናችን አይተናል። ነገር ግን ሩዝ ሲያሽት ወፍ ይመጣል። ወፍ የሚጠብቀው ልጅ ነው። ከዚያ አጨዳ ይመጣል፤ አጫጁም ልጅ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ክፍላችን ይሳሳል። ሁላችንም እናውቃለን፤ «ቀሪ» ብለን እንጽፋለን፤ እናልፋለን።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን የስም መቆጣጠሪያውን ከየክፍሉ አለቃ እየተዋሰች ቆጠረች። ከሩዝ ቀበሌዎች የሚመጡት በየትኞቹ ቀናት እንደሚቀሩ፣ ከደጋው በኩል የሚመጡት ደግሞ እንደማይቀሩ ለይታ ሰንጠረዥ ሠራች፤ ለጠፈችው። ርዕሰ መምህሩ ተቆጡ። «ይህ ገመናችን ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ምን እንላለን?» አሉ። በእሳቸው አልፈረድኩም፤ ለሚመጣው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ሰንጠረዡ በተለጠፈ በሳምንቱ ጉዳዩ ወተመህ ስብሰባ ላይ ተነሣ፤ ከዚያ በፊት በዚህ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረታችን ስብሰባ የምንነጋገረው ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ ነበር። አንድ አርሶ አደር ተነሥተው «ልጄ ትምህርት ቤት ይዋል እሺ፤ ወፉን ማን ይጠብቅልኝ? መምህሩ?» አሉ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከብዙ ክርክር በኋላ በእነዚያ ሳምንታት ብቻ እህትና ወንድም ፈረቃ እንዲለያዩ፣ አንዱ ጧት ሲማር ሌላው ከሰዓት እንዲማር ተፈቀደ። መፍትሔ ነው አልልም። አሁንም ይቀራሉ። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ቤት ፈረቃ ምን ያደርግለታል? ነገር ግን «ቀሪ» የሚለው ቃል ምክንያት እንዳለው ጮክ ብለን ተናግረናል።

እምቦጩንም መዝለል አልችልም፤ ጣና ዳር ቆሞ ስለ እምቦጭ ሳይናገር የወረደ ተናጋሪ አላየሁም። አረሙ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ አበባው ያምራል፤ ለዚህም ነው ሰው በየአገሩ ያዛመተው። እኛም እንደሌላው ሁሉ ክረምት ሲወጣ ተማሪ አሰልፈን፣ ሰንደቅ ይዘን፣ እየዘፈንን ወርደን እንነቅል ነበር። ፎቶግራፍ ይነሣል። ሪፖርት ይጻፋል። የሚኒ ሚዲያው ዜናም ሁልጊዜ «ዘመቻው በድምቀት ተካሄደ» ነበር።

አንድ ልጅ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም አይቶት ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ። አይተን አናውቅም። እሱና ሁለት ጓደኞቹ አራት ችካል ቸከሉ፣ ገመድ ወጠሩ፣ ከሥነ ሕይወት መምህራቸው ጋር ሆነው በየሳምንቱ ይለኩ ጀመር። እምቦጭ በሚስማማው ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን እንደሚችል መጽሐፉ ይናገራል፤ ልጆቹ ግን መጽሐፉን አላመኑም፤ ለኩ። አረሙ ገመዱን አልፎ ሄዶ ነበር። ሌላም ነገር አዩ፦ ነቅለን ዳር ላይ የከመርነው ክምር ገሚሱ ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ገብቷል። ዘሩ ደግሞ ከጭቃ ሥር ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ በዛ ቢባል 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳር ዳሩ ለአረሙ የተመቸ ጭቃ ነው። ልጁ ለጽሑፉ የሰጠው ርዕስ «የነቀልነው ተመልሶ ገባ» የሚል ነበር። ዘመቻውን ያስተባበርነው መምህራን ርዕሱ ጎመዘዘን። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከመንቀላችን በፊት የምንከምርበትን ከፍ ያለ ቦታ መረጥን፤ ጎርፍ የማይደርስበት፣ ከብት የማይበትነው። እኔ ሃያ ዓመት አስተምሬ የዚህን ያህል የሚያስደስት የሥነ ሕይወት ትምህርት አላየሁም፤ የአማርኛ መምህር ስሆን ነው ይህን የምለው።

ስለ ብሔራዊ ፈተናው ጥቂት ልበል። በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደው ተፈተኑ። ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ ፎቅ ላይ አድረው አያውቁም ነበር። ሲመለሱ ክበባችን ጠየቃቸው፦ ምን በላችሁ? የት ተኛችሁ? በሩ ላይ ሲፈትሹ ምን ከለከሉ? የማታ ብርድ ምን ያህል ነው? ያን ዕትም ያላነበበ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አልነበረም፤ በደብተሩ የገለበጠም ነበር። ከዚያ በጥር ውጤት ወጣ። በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ በኋላ 5.4 ሆነ። ቁጥሩን እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

እኛ ዘንድ ጥያቄው እንለጥፈው ወይስ አንለጥፈው የሚል ሆነ። የእኛ ውጤት ከአገሩ የተሻለ አልነበረም። አንዳንድ ልጆች «ስማቸው ይውጣ» አሉ፤ አንዳንዶቹ «ምንም አይውጣ» አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነበርኩ፤ ፈርቼ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ ግን «መምህር፣ የእኛን ካልነገራችሁን ለምን የአገሩን ትነግሩናላችሁ?» አለኝ። ቁጥሩ ወጣ፤ ስም አልወጣም። ከቧንቧው ሰልፍ ላይ ያን ቀን ድምፅ አልነበረም። በሳምንቱ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጥቂት ልጆች ማታ ማታ አንድ ክፍል እንዲከፈትላቸው ጠየቁ፤ ጥበቃው ቁልፍ ይዘው ያመሻሉ፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ያነባሉ። ይህ ውጤት አመጣ አላመጣ ዛሬ አልናገርም፤ በእነሱ ላይ ሟርት ይሆንብኛል።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ ስለ ወላጆች በዓል ድራማችን ሳልነግራችሁ ልወርድ ነው። አባት የሆነው ተዋናይ ጢሙ መድረክ ላይ ወድቆ ራሱ አንሥቶ እንደለጠፈው ብቻ እወቁ።

ስለዚያች ከማዶ ስለቀረችው ልጅ ግን ልጨርስ። በዓመቱ ተመለሰች። አባቷ ራሳቸው ይዘዋት መጡ። እኩዮቿ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብተው ነበር፤ እሷ አሥረኛ ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት ክበቡ አባላት ሲመዘግብ ከተሰለፉት መካከል አየኋት፤ ምን ብዬ እንደማናግራት ጠፋኝ። እሷ ግን አላስጨነቀችኝም። «ለከርሞ የምዝገባውን ዜና እኔ ልጻፈው?» ብላ ጠየቀች።

በሚቀጥለው ነሐሴ ዝናቡ ሳያባራ መጣች። ክረምቱን ማዶ ነበረች፤ ጉማራን እንዴት እንደተሻገረች አልጠየቅኳትም። ቢሮ ገብታ ደብዳቤውን አሳዩኝ አለች፤ ጸሐፊዋ በቃል ልትነግራት ብትል እምቢ አለች። ደብዳቤውን አይታ፣ ገልብጣ፣ ወጥታ ጻፈች። የዚያ ዕትም ጠቅላላ ጽሑፍ ይኸው ነበር፦

«ምዝገባው የሚያበቃው ዓርብ ነው። አልተራዘመም። ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ከሥሩ ስሟን ጽፋበታለች።